ፍትሐዊ ንግድ በማኅተም ወይስ በውል? ከቡና ከረጢቱ ጀርባ ያለው ሒሳብ

በአውሮፓም ሆነ በሰሜን አሜሪካ ከተሞች ቡና ቆልቶ ከሚሸጥ አንድ አነስተኛ መደብር ጎራ ያለ ኢትዮጵያዊ፣ መደርደሪያው ላይ የአገሩን ስሞች ማንበቡ አይቀርም። ይርጋ ጨፌ፣ ሲዳማ፣ ሐረር፣ ጉጂ፣ ሊሙ። ከስሞቹ ግርጌ ደግሞ አነስ ያሉ ማኅተሞችና መግለጫዎች ይታያሉ። «ፌርትሬድ»፣ «ኦርጋኒክ»፣ «በጥላ ሥር የበቀለ»፣ «በቀጥታ ከገበሬው የተገዛ»። በውጭ የሚኖሩ ወዳጆቼ በየጊዜው የሚያቀርቡልኝ ጥያቄ ታዲያ አንድ ዓይነት ነው። «ይህ ማኅተም ያለበትን ስንገዛ ሁለትና ሦስት ዶላር እንጨምራለን፤ ጭማሪው እውነት ለገበሬው ይደርሳል ወይ?» የሚል ነው።

ጥያቄው አጭር ነው። መልሱ ግን በ«አዎ» ወይም በ«የለም» የሚቋጭ አይደለም። ነገሩን ለመረዳት ማኅተሙን ለጊዜው ወደ ጎን ትቶ ከጀርባው ያለውን ውል ማንበብ ያስፈልጋል። ዋጋው ስንት ተባለ? ዋጋው የተቆረጠው የት ላይ ነው? ገንዘቡ መቼ ተከፈለ? ግዥው ለስንት ዓመት ቀጠለ? ማኅተሙ መልስ የሚሰጠው ከእነዚህ ለአንዳንዶቹ ብቻ ነው። ቀሪውን የሚወስነው ቡናውን ገዝቶ፣ ቆልቶ፣ አሽጎ የሚሸጠው ነጋዴ ነው። እኔ በበኩሌ የፍትሐዊ ንግድ ዋናው መለኪያ እዚያ ላይ ነው ባይ ነኝ። ለምን እንደዚያ እንደምል ከዚህ በታች ላስረዳ። (በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሐሳቡ ከየት መጣ?

እንደሚታወቀው ከ1962 ጀምሮ የዓለም የቡና ንግድ በዓለም አቀፍ ስምምነት ይመራ ነበር። አምራች አገሮች ለገበያ የሚያቀርቡት መጠን በኮታ ተወስኖ ስለነበር ዋጋው ከተወሰነ ደረጃ በታች እንዳይወርድ ይደገፍ ነበር። በ1989 የኮታው ሥርዓት ፈረሰ። ዋጋው አሽቆለቆለ። ከዚያ ወዲህ የቡና ዋጋ በዋናነት የሚቆረጠው በኒውዮርክ ገበያ ሲሆን፣ በብራዚል ውርጭ ሲመታ ይንራል፣ ምርት ሲትረፈረፍ ይወድቃል።

ፍትሐዊ ንግድ የሚለው ሐሳብ በተግባር የተፈተነው በዚሁ ዘመን ነው። በ1986 በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት የተቋቋመው ኢኳል ኤክስቼንጅ የተባለ በሠራተኞቹ ባለቤትነት የሚተዳደር ድርጅት፣ የኒካራጓ ገበሬዎችን ቡና ከሌላው በተሻለ ዋጋ ገዝቶ መሸጥ ጀመረ። በ1988 ደግሞ በኔዘርላንድስ «ማክስ ሐቬላር» የተባለው ማኅተም ወጣ። ስሙ የተወሰደው በደች ቅኝ ግዛት ዘመን በጃቫ የነበረውን ግፍ ካጋለጠ የ1860 ልብ ወለድ ዋና ገጸ ባሕርይ ነው። የማኅተሙ የመጀመሪያ ቡና የመጣውም ከሜክሲኮ ገበሬዎች ማኅበር ነበር። የማኅተሙ ፋይዳ ቀላል ነው። ማንኛውም ቡና ቆልቶ ሻጭ የተቀመጠውን ዝቅተኛ ዋጋ ከፍሎ ከገበሬዎች ማኅበር እስከገዛ ድረስ ማኅተሙን ከረጢቱ ላይ መለጠፍ ይችላል።

ፈተናው የመጣው በ2001 ነው። በኒውዮርክ አንድ ፓውንድ ቡና (453 ግራም ገደማ) ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ወረደ። ያኔ ሐረርጌ ውስጥ ቡናውን ነቅሎ ጫት የተከለ ገበሬ ጥቂት አልነበረም። በሲዳማና በይርጋ ጨፌም ገበሬው ለእሸቱ የሚያገኘው ገንዘብ የለቀማውን ድካም እንኳ የማይሸፍንበት ጊዜ ነበር። በዚያው ወቅት የፌርትሬድ ዝቅተኛ ዋጋ፣ ማኅበራዊውን ጭማሪ ጨምሮ፣ 1 ዶላር ከ26 ሳንቲም ነበር። ከገበያው ዋጋ ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ማለት ነው።

ለአገራችን ዕድል ሆኖ በ1999 የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን በ34 መሠረታዊ ማኅበራት ተመሥርቶ ነበር። የሲዳማና የይርጋ ጨፌ ዩኒየኖችም በ2001 እና በ2002 ተከተሉት። ዩኒየኖቹ በጨረታው ማዕከል ማለፍ ሳይጠበቅባቸው በቀጥታ ለውጭ ገዥ እንዲሸጡ ተፈቀደላቸው። በ2008 የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ተቋቁሞ ቡና በዚያ በኩል እንዲያልፍ ሲታዘዝም ይህ መብታቸው አልተነካም። የኦሮሚያ ዩኒየን መሥራችና ሥራ አስኪያጅ የነበሩት አቶ ታደሰ መስቀላ ለገበሬው ገዥ ፍለጋ አውሮፓና አሜሪካ ሲዞሩ የሚያሳየው «ብላክ ጎልድ» የተሰኘው ዘጋቢ ፊልም በ2006 ሲታይ፣ የኢትዮጵያ ገበሬ ጉዳይ የብዙ ቡና ጠጪዎች መነጋገሪያ ሆነ።

ወለሉ ስንት ነው?

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። ከነሐሴ 2023 ጀምሮ የፌርትሬድ ዝቅተኛ ዋጋ ለታጠበ አረቢካ በፓውንድ 1 ዶላር ከ80 ሳንቲም ነው። ላልታጠበ (በጀንፈል ለደረቀ) 5 ሳንቲም ይቀንሳል። የኦርጋኒክ ማረጋገጫ ካለው 40 ሳንቲም ይጨመራል። በዚህ ሁሉ ላይ በፓውንድ 20 ሳንቲም ማኅበራዊ ጭማሪ ይከፈላል። ጭማሪው ለግለሰቡ ገበሬ በእጁ የሚሰጥ አይደለም። ለማኅበሩ ይገባል፤ በምን ላይ እንደሚውልም አባላቱ በጠቅላላ ጉባኤ ይወስናሉ። በአገራችን ትምህርት ቤት፣ ጤና ኬላ፣ የንጹህ ውኃ ቧንቧና መሻገሪያ ድልድይ የተሠራበት ነው። ከ20ው ሳንቲም ቢያንስ 5ቱ ለጥራትና ለምርታማነት ማሻሻያ እንዲውል ይጠበቃል።

የዓለም ገበያ ዋጋ ከዚህ ወለል በላይ ከሆነ ገዥው የገበያውን ዋጋ ይከፍላል፤ በላዩ ላይ 20 ሳንቲሙን ይጨምራል። ከወለሉ በታች ከወረደ ደግሞ ወለሉን ይከፍላል። እንግዲህ ማኅተሙ የሚሰጠው ዋናው ነገር ይኼ ነው። ዋጋ ሲወድቅ ገበሬው አብሮ ገደል እንዳይገባ የተዘረጋ መረብ ማለት ነው።

ይህን በለመድነው መስፈሪያ እንየው። በቡና ንግድ ውስጥ አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ግራም ነው። የታጠበ ጥሬ ቡና በወለሉ ዋጋና በማኅበራዊ ጭማሪው ሲታሰብ ፈረሱላው 75 ዶላር ገደማ ይመጣል፤ ኪሎው 4 ዶላር ከ41 ሳንቲም ያህል ነው። ቡና ሲቆላ ከክብደቱ 15 በመቶና ከዚያ በላይ ይቀንሳል። ስለዚህ በአሜሪካ በተለመደው የ340 ግራም ከረጢት ውስጥ ያለውን የተቆላ ቡና ለማግኘት 400 ግራም ያህል ጥሬ ቡና ያስፈልጋል። በወለሉ ዋጋ ሲሰላ ዋጋው 1 ዶላር ከ80 ሳንቲም አይሞላም። ከረጢቱ በ15 ዶላር ቢሸጥ ከየ100 ዶላሩ 12ቱ ብቻ ናቸው ወደ አምራቹ አገር የመጡት።

ከዚህ ተነሥቶ «ቀሪው ሁሉ ዘረፋ ነው» ማለት ግን አይቻልም። የመርከብ ጭነት፣ የመጋዘን ኪራይ፣ የጋዝና የመብራት ወጪ፣ የሠራተኛ ደመወዝ፣ ማሸጊያ፣ የሱቅ ኪራይና የቸርቻሪው ድርሻ አለበት። ነገር ግን አንድ ሐቅ ግልጽ ነው። የጥሬ ቡናው ዋጋ የከረጢቱ ዋጋ ትንሹ ክፍል ስለሆነ፣ ቆልቶ ሻጩ ለጥሬ ቡናው በፓውንድ 50 ሳንቲም ቢጨምር በከረጢቱ ላይ የሚታየው ልዩነት ከግማሽ ዶላር በታች ነው። ለጠጪው ይህ ምንም አይደለም። ለማኅበሩ ግን በወለሉ ዋጋ ላይ የሩብ ያህል ጭማሪ ነው።

ከወደብ እስከ ገበሬው ደጅ

ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ከላይ የተጠቀሰው ዋጋ ገበሬው ደጃፍ ላይ የሚከፈል አይደለም። ቡናው ጅቡቲ ደርሶ መርከብ ላይ ሲጫን ለዩኒየኑ የሚከፈል ዋጋ ነው። ከዚያ ውስጥ የማጠቢያ ጣቢያው ወጪ፣ የመፈልፈያና የማበጠሪያ ክፍያ፣ ጆንያ፣ ከወረዳ እስከ አዲስ አበባ ከዚያም እስከ ወደብ ያለው መጓጓዣ፣ የባንክ ወለድ፣ የማኅበሩና የዩኒየኑ ሠራተኞች ደመወዝ ይቀነሳል።

በሌላ በኩል አንድ ኪሎ የታጠበ ጥሬ ቡና ለማግኘት ስድስት ኪሎ ያህል ቀይ እሸት ያስፈልጋል። ስለዚህ የወለሉ ዋጋ እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም ለገበሬው ቢደርስ እንኳ የአንድ ኪሎ እሸት ድርሻ ከ73 የአሜሪካ ሳንቲም አይበልጥም ነበር። ወጪው ሲቀነስ ምን ያህል እንደሚቀር አንባቢ ይገምት። ማኅበሩና ዩኒየኑ ወጪያቸውን በአግባቡ ከያዙ ግን ገበሬው ሁለት ጊዜ ይከፈለዋል። መጀመሪያ እሸቱን ሲያስረክብ፣ ኋላም የዓመቱ ትርፍ ሲታወቅ። በአገራችን የኅብረት ሥራ ሕግ መሠረት ከተጣራው ትርፍ 30 በመቶው ለመጠባበቂያ ይያዝና ቀሪው ለአባላት የሚከፋፈልበት አሠራር አለ። ገበሬው «ሁለተኛ ክፍያ» የሚለው ይህንኑ ነው።

ማኅተም ያለው ማኅበር ሁሉ ምርቱን በሙሉ በፍትሐዊ ንግድ ዋጋ ይሸጣል ማለትም አይደለም። ገዥ የሚያገኘው ለተወሰነው ብቻ ሲሆን የቀረው እንደማንኛውም ቡና በገበያ ዋጋ ይሄዳል። በሌላ አነጋገር የማረጋገጫውን ወጪ ለሙሉው ምርት ከፍሎ ጥቅሙን ለከፊሉ ብቻ ያገኛል። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ቡና ቆልቶ ሻጩ ወሳኝ የሚሆነው። ማኅተም ያወጣ ገበሬ ሞልቷል። የጎደለው የሚገዛ ነው።

ትንሹ ነጋዴ ምን ሊያደርግ ይችላል?

በአንድ ከተማ ሠፈር ውስጥ በአንድ መቁያ ማሽን የሚሠራ ነጋዴ በወር ግማሽ ቶን ቡና ይቆላል እንበል። ከኢትዮጵያ ቡና የሚጫነው በኮንቴይነር ሲሆን፣ አንዱ ኮንቴይነር 320 ባለ 60 ኪሎ ጆንያ ይይዛል። 19 ቶን ከ200 ኪሎ ማለት ነው። ለዚህ ነጋዴ አንድ ኮንቴይነር ሌላ ቡና ሳይገዛ ከሦስት ዓመት በላይ ይበቃዋል፤ ቡናው ግን እስከዚያ ጣዕሙን አይጠብቅም። ስለዚህ ልቡ የቱንም ያህል ቅን ቢሆን ብቻውን ከገበሬው ማኅበር ጋር መዋዋል አይችልም። ከአስመጪ ላይ ጥቂት ጆንያ ከመግዛት ሌላ ምርጫ የለውም።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ብሂል ለገበሬ ብቻ አይሠራም። በአሜሪካና በካናዳ ያሉ አነስተኛ ቡና ቆልቶ ሻጮች ተሰባስበው የራሳቸውን አስመጪ ኅብረት ሥራ ማኅበር አቁመዋል። ኮፕ ኮፊስ ይባላል። በየራሳቸው ከተማ የሚሠሩት ነጋዴዎች ትእዛዛቸውን ደምረው አንድ ኮንቴይነር ይሞላሉ፤ የኢትዮጵያን ጨምሮ ከገበሬ ማኅበራት በቀጥታ ይገዛሉ። ከሁሉ በላይ የገረመኝ የግዥ ሰነዶቻቸውን ለሕዝብ ይፋ የማድረግ ልማዳቸው ነው። ቡና ጠጪው የከረጢቱን ቡና ከየትኛው ማኅበር፣ በስንት ዋጋ እንደተገዛ ማየት እንዲችል አድርገዋል። በገዙት እያንዳንዱ ፓውንድ ላይም 3 ሳንቲም በራሳቸው ላይ ጥለው ገበሬዎቹ የአየር ንብረት ለውጥን ለመቋቋም ለሚያደርጉት ሥራ ያውሉታል።

ሁለተኛው ጉዳይ የቅድሚያ ገንዘብ ነው። ከጥቅምት ጀምሮ እሸት ሲቀላ ገበሬው ገንዘቡን የሚፈልገው ያስረከበ ዕለት ነው። የልጅ ደብተር፣ የእህል መግዣ፣ የለቃሚ ክፍያ አለበት። የግል ሰብሳቢው ጥሬ ብር ይዞ መንገድ ዳር ቆሟል። ማኅበሩ ደግሞ ብድር እስኪለቀቅለት ባንክ ደጅ ይጠናል። በዚህ መሀል የማኅበሩ አባል እንኳ እሸቱን ለሰብሳቢው ቢሸጥ አይፈረድበትም። ስለዚህ ነው የፌርትሬድ ደንብ ማኅበሩ ከጠየቀ ገዥው እስከ 60 በመቶ የሚደርሰውን የውል ዋጋ አስቀድሞ እንዲያቀርብ የሚያዘው። በወለሉ ዋጋና ጭማሪው አንድ ኮንቴይነር ወደ 85 ሺሕ ዶላር ይጠጋል፤ 60 በመቶው ከ50 ሺሕ ዶላር በላይ ነው። ይህን ገንዘብ በመከር መጀመሪያ ላይ ማግኘትና ከአምስትና ከስድስት ወር በኋላ ማግኘት ለማኅበሩ የሕይወትና የሞት ያህል ይለያያል።

ዋጋ ሲወደድስ?

የቡና ዋጋ በ2018 እና በ2019 እንደገና ከ1 ዶላር በታች ወርዶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ነገሩ ተገለበጠ። በየካቲት 2025 በኒውዮርክ አንድ ፓውንድ አረቢካ ከ4 ዶላር በላይ ወጣ። «እንግዲህ ፍትሐዊ ንግድ ምን ይሠራል? ገበሬው አለፈለት» የሚል ሰው መነሣቱ አልቀረም።

እውነታው ሌላ ነው። ዋጋ ሲወደድ ማኅበሩ ያንኑ ያህል እሸት ለመሰብሰብ እጥፍ ጥሬ ገንዘብ ያስፈልገዋል። በርካሹ ጊዜ ውል የገባ ማኅበር በውዱ ጊዜ እሸት ገዝቶ ማስረከብ ግዴታው ስለሚሆን ሊከስርም ይችላል። ወለሉ በዚህ ጊዜ አያድነውም። የሚያድነው ገዥው ውሉን እንደገና ለማየት ፈቃደኛ ሲሆን፣ የቅድሚያ ገንዘቡን ሲጨምርና ዋጋ በተወደደ ቁጥር ወደ ሌላ አገር ቡና ሳይዞር ሲቀር ነው።

በአገራችን ደግሞ ለዓመታት አንድ ተጨማሪ ችግር ነበር። የውጭ ምንዛሪ እጥረት በጠናበት ጊዜ ብዙ ላኪዎች ቡናን የሚገዙት ከቡናው ለማትረፍ ሳይሆን ዶላር ለማግኘት ነበር። አገር ውስጥ በውድ ገዝተው ውጭ በርካሽ ሸጠው፣ ኪሳራቸውን በዶላሩ ባስገቡት ዕቃ ያካክሱ ነበር። ቡና ብቻ የሚሸጠው የገበሬዎች ዩኒየን ግን የሚያስገባው ብረትም ሆነ መኪና ስለሌለው ከእነሱ ጋር በዋጋ መፎካከር አቃተው። በሐምሌ 2024 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን መደረጉ ይህን መዛባት የፈጠረውን ምክንያት ነክቷል። ነገር ግን ፍትሐዊ ንግድ ከገዥና ከሻጭ ቅንነት ውጪ በአገር ፖሊሲም እንደሚወሰን ትምህርቱን ጥሎልን አልፏል።

ያልተቆጠሩት እጆች

ሌላም ጥያቄ አለ። «ገበሬው» ስንል ማንን ማለታችን ነው? በማኅበር የታቀፈው የራሱ ማሳ ያለው ነው። በመከር ጊዜ ግን መሬት የሌላቸው፣ ከሌላ ወረዳ የመጡ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሴቶችና ወጣቶች የሆኑ ለቃሚዎች ይቀጠራሉ። በማጠቢያ ጣቢያው አልጋ ላይ ቡና የሚለቅሙትና በመጋዘን የሚያበጥሩትም ሴቶች ናቸው።

በ2014 የለንደን ዩኒቨርሲቲ አካል የሆነው የሶአስ ተመራማሪዎች በኢትዮጵያና በኡጋንዳ ለዓመታት ያካሄዱትን ጥናት ይፋ ሲያደርጉ፣ የፌርትሬድ ማኅበራት ባሉባቸው አካባቢዎች ያሉ ተቀጣሪዎች ደመወዝና የሥራ ሁኔታ ከሌላው የተሻለ እንዳልሆነ፣ እንዲያውም ብዙ ጊዜ የባሰ እንደነበር ገለጹ። የፌርትሬድ ድርጅት በበኩሉ አነስተኛ ገበሬዎችን ከትላልቅ እርሻዎች ጋር ማነጻጸር ትክክል አይደለም ሲል ተከራከረ። ክርክሩ እንዳለ ሆኖ የጥናቱ ነጥብ ሊታለፍ አይገባም። የራሱ ማሳ ያለው ገበሬ ያገኘው ጭማሪ በራሱ ጊዜ ወደ ለቃሚዋ አይፈስም። ለዚህ ማኅበሩ በጉባኤው መወሰን አለበት፤ ገዥውም መጠየቅ አለበት።

ጫካው፣ ወንዙና ዛፉ

ቡና ቆልቶ ሻጮች ስለ ዘላቂነት ሲናገሩ «በጥላ ሥር የበቀለ» የሚለውን ሐረግ ይወዱታል። በኢትዮጵያ ይህ ማስታወቂያ ብቻ አይደለም። በከፋ፣ በያዩ፣ በባሌ ቡና በጫካ ውስጥ ይበቅላል። ከፋና ያዩ በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ተመዝግበዋል። አብዛኛው ገበሬም ኬሚካል ማዳበሪያ ለቡናው እምብዛም አይጠቀምም። ነገር ግን ቡናውን «ኦርጋኒክ» ብሎ ለመሸጥ የማረጋገጫ ወረቀት ያስፈልጋል፤ ወረቀቱም በየጊዜው የሚታደስና ገንዘብ የሚያስወጣ ነው።

ዘላቂነት ግን በጫካው አያበቃም። የታጠበ ቡና ብዙ ውኃ ይፈልጋል። ከማጠቢያ ጣቢያው የሚወጣው አሲድነት ያለው ፍሳሽ ሳይጣራ ወንዝ ውስጥ ሲለቀቅ ታች ያሉት ነዋሪዎችና ከብቶቻቸው ይጎዳሉ። የፍሳሽ ማቆያ ጉድጓድና ማጣሪያ መሥራት ወጪ ነው። ወጪውን ማን ይሸፍን የሚለው ጥያቄ ደግሞ እንደገና ወደ ውሉ ይመልሰናል።

በላዩ ላይ የአየር ንብረት ለውጥ አለ። በእንግሊዝ የኪው ሮያል እፅዋት ማዕከልና የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች በ2017 ባወጡት ጥናት፣ ምንም እርምጃ ካልተወሰደ በዚህ ምዕተ ዓመት መጨረሻ አሁን ቡና ከሚበቅልበት መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶው ለቡና የማይመች ሊሆን እንደሚችል አመልክተዋል። በአንጻሩ ደን ከተጠበቀና ቡናው ወደ ከፍተኛ ቦታዎች እንዲሸጋገር ከተደረገ ተስማሚው መሬት በእጅጉ ሊሰፋ ይችላል። ቡና ተተክሎ ፍሬ ለመስጠት ሦስትና አራት ዓመት ይፈጃል። ነገ ገዥ ይኖረው እንደሆነ የማያውቅ ገበሬ ለአራት ዓመት በኋላ አይተክልም። የረጅም ጊዜ ውል የዘላቂነት ሥራም ነው የምለው ለዚህ ነው።

የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ያወጣው የደን ጭፍጨፋ መከላከያ ሕግም አለ። ሕጉ ከ2020 መጨረሻ በኋላ ደን በተመነጠረበት መሬት የበቀለ ቡና እንዳይገባ ያዝዛል፤ የእያንዳንዱ ማሳ መገኛም በካርታ ነጥብ እንዲታወቅ ይጠይቃል። ተግባራዊ የሚሆንበት ቀን በተደጋጋሚ ቢራዘምም ዝግጅቱ አልቀረም። ግማሽ ሄክታር እንኳ የማይሞላ ማሳ ያለውን ገበሬ ሁሉ መመዝገብ ቀላል ሥራ አይደለም። «ዘላቂ ቡና ነው የምገዛው» የሚል ነጋዴ የዚህን ምዝገባ ወጪ ለገበሬው ትቶ ዝም ካለ ቃሉ ጎደሎ ነው።

ስሙስ የማን ነው?

ከዋጋና ከጭማሪ ባሻገር ሌላ የፍትሕ ጥያቄ አለ። ይርጋ ጨፌ የሚለው ስም ራሱ ዋጋ አለው። የኢትዮጵያ መንግሥት በ2005 ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋ ጨፌ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ሲያመለክት የአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ። ስታርባክስም «ሲዳሞ» የሚል ቃል ያለበትን ስም ለማስመዝገብ አስቀድሞ አመልክቶ ነበር። ኦክስፋም በ2006 ሰፊ ዘመቻ ካካሄደ በኋላ ጉዳዩ በ2007 በስምምነት ተቋጨ። ቆልቶ ሻጮች በስሞቹ የሚጠቀሙት የኢትዮጵያን ባለቤትነት ተቀብለው፣ ያለ ክፍያ በሚሰጥ ፈቃድ እንዲሆን ተደረገ። ከዚህ የምንማረው ገበሬው ለጭማሪ እጁን የዘረጋ ተረጂ አለመሆኑን ነው። የሚሸጠው ዝናውን ጭምር ነው።

እኛስ?

እስካሁን ያወራነው ስለ ፈረንጅ ገዥ ነው። ከምናመርተው ቡና ግማሽ ያህሉን የምንጠጣው ግን እኛው ነን። ለረጅም ዓመታት የወጪ ደረጃ ያሟላ ቡናን ለአገር ውስጥ ገበያ ማቅረብ በሕግ ተከልክሎ ቆይቷል። የአዲስ አበባ ቡና ቆልቶ ሻጭ የሚደርሰው ለውጭ ያልበቃው፣ ተበጥሮ የወጣው ነበር። «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» ማለት ይኼ ነው። ዶላር ለሚያስፈልጋት አገር ሕጉ ምክንያት ነበረው። ያስከተለው ነገር ግን አንድ ልማድ ነው። የአገር ውስጥ ጠጪ ቡናው ከየት መጣ፣ ማን አመረተው፣ ስንት ተከፈለው ብሎ መጠየቅን ትቷል።

ዛሬ በአዲስ አበባ በሚያማምሩ ከረጢቶች የታሸገ ቡና የሚሸጡ ድርጅቶች በርክተዋል፤ ከከረጢቱ ላይም ስለ ገበሬው የተጻፈ ጥሩ ቃል አይጠፋም። ፌርትሬድ ወደ አገር ውስጥ ገበያችን አልገባም፤ ስለዚህ ማኅተም መጠበቅ አያዋጣንም። መጠየቅ ግን እንችላለን። የቢሮአችንን ቡና የምንገዛ፣ ለውጭ እንግዳ ስጦታ የምንመርጥ፣ ወይም በባዕድ አገር ከሠፈራችን ቆልቶ ሻጭ የምንሸምት ሁሉ ጥያቄዎቹ አንድ ናቸው።

አንደኛ፣ ይህ ቡና ከየትኛው ማኅበር ወይም ማጠቢያ ጣቢያ ነው? የየትኛው ዓመት መከር ነው? «ከኢትዮጵያ» ወይም «ከሲዳማ» የሚለው ብቻ በቂ መልስ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ጥሬውን በስንት ገዛችሁት? የዋጋው መቁረጫ ወደብ ነው ወይስ ማጠቢያ ጣቢያ? የሚደብቀው የሌለ ነጋዴ ይህን ለመናገር አይቸገርም።

ሦስተኛ፣ ከዚያው ማኅበር ለስንተኛ ዓመት ነው የምትገዙት? ዋጋ በወደቀበት ዓመትስ ገዝታችሁ ነበር?

አራተኛ፣ ገንዘቡን መቼ ከፈላችሁ? ከመከር በፊት ያቀረባችሁት አለ?

አምስተኛ፣ የለቃሚዎቹንና የአበጣሪዎቹን ክፍያ ታውቃላችሁ?

ነጋዴው አምስቱንም ባይመልስ ሌባ ነው ማለት አይደለም። ብዙዎቹ ጠያቂ ስላልነበራቸው ሳያስቡበት የቀሩ ናቸው። ሁለቱን ወይም ሦስቱን በልበ ሙሉነት የሚመልስ ካገኛችሁ ግን፣ ማኅተም ኖረውም አልኖረው፣ ደንበኛ ብትሆኑት ገንዘባችሁ ሥራ ይሠራል። ማኅተሙ ገበሬው ከዚያ በታች እንዳይወድቅ ወለል ያነጥፋል። ቤቱን የሚሠራው ግን በየዓመቱ ተመልሶ የሚመጣ ገዥ ነው።